የፀሐይን ማዕበል በዐይኑ ያየ ሊቅ፤ የሪቻርድ ካሪንግተን የሕይወት ታሪክ

ፀሐይን በየማለዳው ስትወጣ፣ በየማታው ስትጠልቅ ስለምናያት ሁልጊዜ አንድ ዐይነት የሆነች፣ የማትለወጥና የማትናወጥ ትመስለናለች። ብርድ ሲሰማን እንሞቃታለን፤ ሲያቃጥለን ወደ ጥላ እንሸሻለን፤ ከዚህ አልፈን ግን ስለ እርስዋ እምብዛም አናስብም። ይሁን እንጂ ሊቃውንት መርምረው እንዳረጋገጡት ፀሐይም እንደ ባሕር የሚናወጥ ገላ አላት። ከእርስዋ የሚነሣው ማዕበል ምድራችን ድረስ መጥቶ የኤሌክትሪክን መስመር ያበላሻል፤ የራዲዮን መልእክት ያቋርጣል፤ በጠፈር የሚዞሩትን ሳተላይቶች ይጎዳል። ስለዚህም ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች፣ ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ አስቀድሞ እንደሚነገር ሁሉ፣ ስለ ፀሐይም ማዕበል አስቀድመው የሚናገሩ መሥሪያ ቤቶች ተቋቁመዋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከየት ተነሣ ብለን ስንጠይቅ ታሪክ ወደ አንድ እንግሊዛዊ ይመራናል። ይህ ሰው የመንግሥት ደመወዝተኛ ወይም የትልቅ ዩኒቨርስቲ መምህር አልነበረም። በገዛ ገንዘቡ በሠራው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይን በየቀኑ የሚመለከት፣ ያየውንም በመዝገብ የሚጽፍ ሰው ነበር። ስሙ ሪቻርድ ክሪስቶፈር ካሪንግተን ይባላል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የእርሱን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው፣ ሕይወቱ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር ስላለበት ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ካሪንግተን በሎንዶን ከተማ ቼልሲ በሚባለው ሰፈር ግንቦት 26 ቀን 1826 ተወለደ። አባቱ በብሬንትፎርድ የቢራ ፋብሪካ የነበራቸው ባለጸጋ ነበሩ። ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ታስቦ ስለ ነበር፣ በ1844 በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ዳሩ ግን በዚያ ሳለ ፕሮፌሰር ቻሊስ ስለ ከዋክብት የሚሰጡትን ትምህርት ሰማ፤ ከዚያም በኋላ ልቡ ወደ ሌላ አላዘነበለም። በ1848 ትምህርቱን ሲጨርስ በሒሳብ ፈተና ያገኘው ማዕርግ 36ኛ ነበር። ይህ ጥሩ ውጤት ቢሆንም ከጓደኞቹ መካከል ብዙዎች ቀድመውታል። ዛሬ ግን ዓለም የሚያስታውሰው ከእርሱ በላይ የቆሙትን ሁሉ አይደለም። ስለዚህ በፈተና አንደኛ ያልወጣ ተማሪ ተስፋ ሊቈርጥ እንደማይገባው ከዚህ እንረዳለን።

በ1849 በደርሃም ዩኒቨርስቲ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ተቀጠረ። ሥራውን የሚወድ ሰው ስለ ነበር ሌሊቱን ሁሉ ሲደክም ያድር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ የነበሩት መሣሪያዎች እርሱ ላሰበው ሥራ የሚበቁ አልነበሩም። የተሻለ መሣሪያ እንዲገዛ ቢጠይቅም አልተፈጸመለትም። ያም ሆኖ በ1851 ወደ ስዊድን አገር ተጉዞ በሐምሌ 28 ቀን የሆነውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለቀቀና የራሱን መመልከቻ ቤት ለመሥራት ቈረጠ። ለዚህም ከሎንዶን በስተ ደቡብ በሰሪ አውራጃ ሬድሂል የሚባለውን ስፍራ መረጠ። በ1853 መኖሪያውና መመልከቻው ተሠርቶ አለቀ፤ ቴሌስኮፖቹም ተተከሉ።

በሬድሂል የመጀመሪያው ዓላማው በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚታዩትን ከዋክብት አንድ በአንድ ቈጥሮ የእያንዳንዳቸውን ስፍራ መለካት ነበር። በብዙ ድካም የ3735 ከዋክብትን ስፍራ የያዘ መዝገብ አዘጋጀ፤ ይህም በ1857 በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ወጪ ታተመ። ስለዚህ ሥራው የንጉሣዊው የከዋክብት ጥናት ማኅበር በ1859 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከ1857 ጀምሮም ለአምስት ዓመት ያህል የዚሁ ማኅበር ጸሓፊ ሆኖ አገለገለ።

ከዋክብት የሚታዩት በሌሊት ነው። ካሪንግተን ግን ቀኑ በከንቱ እንዲያልፍበት አልወደደም። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር ዴሳው በምትባል ከተማ ሽዋበ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ይህ ሰው ከ1826 ጀምሮ፣ ማለት ካሪንግተን ከተወለደበት ዓመት አንሥቶ፣ በፀሐይ ፊት ላይ የሚታዩትን ጥቋቁር ነጥቦች በየቀኑ ይቈጥር ነበር። ከ17 ዓመት ድካም በኋላም የነጥቦቹ ቍጥር በየአሥር ዓመቱ ያህል እየበዛና እያነሰ እንደሚሄድ አስታወቀ። ዛሬ የዚህ ዙር ርዝመት በአማካይ 11 ዓመት መሆኑ ታውቋል። ካሪንግተን ይህን በተረዳ ጊዜ ነጥቦቹን ከመቍጠር አልፎ የእያንዳንዱን ስፍራና ጕዞ በልክ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ተገነዘበ። አንድ ሙሉ ዙር እስኪፈጸም ድረስም ፀሐይን በየቀኑ ሊመለከት አሰበ።

እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በፀሐይ ፊት ላይ ከአካባቢያቸው ይልቅ ሙቀታቸው ያነሰ ስፍራዎች ናቸው ብለን እንመልሳለን። የፀሐይ ፊት ሙቀት 5500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፣ የነጥቦቹ ከዚያ በሺህ ዲግሪዎች ያንሳል። ጥቁር መስለው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ለብቻቸው ቢታዩ እጅግ በበሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል ከምድራችን የሚበልጡ ብዙዎች አሉ።

የካሪንግተን አሠራር ቀላል ነበር፤ ትዕግሥትን ግን የሚጠይቅ ነው። ፀሐይን በቴሌስኮፕ አተኵሮ የሚመለከት ሰው ዐይኑ ይጠፋል። ስለዚህ እርሱ የፀሐይን ምስል በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀለም በተቀባ መስተዋት ላይ እንዲያርፍ ያደርግ ነበር። የምስሉ ስፋት 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በቴሌስኮፑ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ተሻግረው ተወጥረዋል፤ ምስሉ ሲንቀሳቀስ የፀሐይ ጠርዝና እያንዳንዱ ነጥብ ክሮቹን የሚያልፍበትን ሴኮንድ እየቈጠረ ይጽፋል። ከዚያም በሒሳብ የነጥቡን ስፍራ ያወጣል። ይህን ሥራ ኅዳር 9 ቀን 1853 ጀምሮ እስከ መጋቢት 24 ቀን 1861 ድረስ፣ ደመና ባልከለከለው ቀን ሁሉ ሠራ። በሰባት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የ954 ነጥብ ጭፍሮችን ስፍራ 5290 ጊዜ ለክቶ መዘገበ።

ከዚህ መዝገብ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተገኙ። የመጀመሪያው ፀሐይ እንደ ምድራችን ጠጣር ገላ ሆና እንደማትዞር ነው። በወገቧ ላይ ያሉት ነጥቦች በ25 ቀን ያህል አንድ ጊዜ ሲዞሩ፣ ከወገቧ 30 ዲግሪ ርቀው የሚገኙት ግን 26 ቀን ከግማሽ ያህል ይፈጅባቸዋል። ጠጣር ነገር እንዲህ ሊዞር ስለማይችል የፀሐይ ፊት ፈሳሽ ወይም ጋዝ መሆን አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነጥቦቹ የሚወጡበት ስፍራ ከዓመት ወደ ዓመት መለወጡ ነው። አዲስ ዙር ሲጀመር ነጥቦች ከወገቧ ርቀው ይወጣሉ፤ ዙሩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ግን ወደ ወገቧ ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ በ1863 በታተመው መጽሐፉ ገለጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የላላንድን ሽልማት ሰጠው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ችግር ደረሰበት። በ1858 አባቱ ስለ ሞቱ የቢራ ፋብሪካውን የማስተዳደር ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የንግድ ሥራ ጊዜውን ይሻማው ጀመር። ረዳት ቀጥሮ ሥራው እንዳይቋረጥ ቢጥርም እንደ ቀድሞው ሊሆንለት አልቻለም። ሆኖም ስሙን እስከ ዛሬ ያቈየው ነገር የደረሰው በዚሁ በጭንቀቱ ጊዜ ነው።

ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1859 ሐሙስ ነበር። ካሪንግተን እንደ ልማዱ የነጥቦችን ስፍራ እየለካ ሳለ፣ ረፋዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሲሆን፣ ከአንድ ትልቅ የነጥብ ጭፍራ መካከል ሁለት እጅግ የሚያበሩ ነጫጭ ብርሃኖች ድንገት ወጡ። በመጀመሪያ የመሰለው በመጋረጃው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር የገባ ነበር። ቴሌስኮፑን አነቃንቆ ቢመለከት ግን ብርሃኑ ከምስሉ ጋራ አብሮ ተነቃነቀ። በፀሐይ ላይ የሚሆን ነገር መሆኑን እንዳወቀ፣ አብሮት የሚመሰክር ሰው ሊጠራ እየሮጠ ወጣ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቢመለስ ብርሃኑ ደክሞ፣ መልኩም ተለውጦ አገኘው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። ሁለቱ ብርሃኖች በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ 56000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ነበር።

ያን ቀን ማንም ሳያውቀው አንድ ሌላ ምስክር ነበረ። በሎንዶን አጠገብ በኪው መመልከቻ ቤት የምድርን የማግኔት ኃይል ቀንና ሌሊት የሚከታተል መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ከማግኔቱ ጋራ የተያያዘ መስተዋት የብርሃን ጨረር በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጥላል፤ ማግኔቱ ሲነቃነቅም በወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይጣመማል። ካሪንግተን ብርሃኑን ባየባት ሰዓት በዚያ ወረቀት ላይ ያለው መስመር ድንገት ጐበጥ ብሎ ተገኘ። ከ17 ሰዓት ከግማሽ ያህል በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ማግኔቱ ከዚያ በፊት ባልታየ ኃይል ይናወጥ ጀመር።

ያን ሌሊት በምድር ላይ የታየው ነገር ብዙ ሰው አስደነቀ፤ ብዙም አስፈራ። በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢ ብቻ የሚታየው አውሮራ የሚባለው የሰማይ ብርሃን በኩባና በሃዋይ ደሴቶች ሳይቀር ታየ። በአሜሪካ ተራሮች ላይ የነበሩ ወርቅ ቈፋሪዎች የነጋ መስሏቸው ተነሥተው ቍርስ መሥራት እንደ ጀመሩ በጊዜው ጋዜጣ ተጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት የቴሌግራፍ ሠራተኞች ነበሩ። በሽቦው ውስጥ ማንም ያልላከው ኤሌክትሪክ ይመላለስ ስለ ነበር በብዙ ስፍራ መልእክት ተቋረጠ። በአሜሪካ በቦስተንና በፖርትላንድ ከተሞች የነበሩት ሠራተኞች ግን ተነጋግረው ባትሪዎቻቸውን ከመስመሩ ነቀሉና፣ ከሰማይ በመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ ለሁለት ሰዓት ያህል መልእክት ተለዋወጡ። ይህ ነገር ተረት ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በፊዚክስ ክፍል የምንማረው ነው። ፋራዴይ በ1831 እንዳስረዳው በሽቦ አጠገብ ማግኔት ሲነቃነቅ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያን ጊዜ የተነቃነቀው ማግኔት ምድራችን ራስዋ ነበረች፤ ሽቦውም በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር የቴሌግራፍ መስመር ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ሽቦ በምድር ላይ ከተዘረጋ ገና 15 ዓመት ያህል ነበር። ከዚያ በፊት የፀሐይ ማዕበል በመጣ ጊዜ ሰው የሚጎዳበት ነገር ስላልነበረው ሰማዩን አይቶ ከማድነቅ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን የካሪንግተንን ጠባይ የሚያሳየውን ነገር አስተውል። በዚያው ቀን በሎንዶን አጠገብ በሃይጌት ሪቻርድ ሆጅሰን የሚባል ሌላ ሰው ያንኑ ብርሃን አይቶ ነበር። ካሪንግተን ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ሆጅሰን ሄዶ ሊጠይቀው አልፈለገም። ሁለቱ አስቀድመው ከተነጋገሩ አንዱ የሌላውን ቃል ሊከተል ስለሚችል፣ ምስክርነታቸው ዋጋ እንዲኖረው እያንዳንዱ ያየውን ለየብቻው እንዲጽፍ አስቦ ነው። በኅዳር ወር 1859 የከዋክብት ጥናት ማኅበር ሲሰበሰብ ሁለቱም ጽሑፋቸውን አቀረቡ፤ ቃላቸውም ተስማማ።

በዚያው ጉባኤ ካሪንግተን ከኪው የመጣውን ወረቀት ለአባላቱ አሳየ። ብርሃኑ በታየበት ሰዓት መስመሩ መጕበጡን፣ ከዚያም ወደ ንጋት ማዕበሉ መነሣቱን ገለጠ። ሁለቱ ነገሮች ምክንያትና ውጤት ናቸው ብሎ ቢናገር ስሙ በዚያው ቀን በዓለም ሁሉ በገነነ ነበር። እርሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ በሆነ ነገር ሕግ ሊቆም አይገባም ብሎ፣ ነገሩ ወደ ፊት እንዲመረመር አሳሰበ እንጂ አልቸኰለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኰላ የተነገረ ዕውቀት በችኰላ እንደሚፈርስ ያውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቱ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ከንግድ ተላቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለዕውቀት ለመስጠት ሲል በካምብሪጅ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ኃላፊ መሆንን ፈልጎ ነበር፤ በ1861 ግን ሹመቱ ለሌላው ሊቅ ለጆን አዳምስ ተሰጠ። በዚያው ዓመት የፀሐይን መዝገብ አቋረጠ። ሊፈጽመው ካሰበው የ11 ዓመት ዙር ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶት ነበር። የሬድሂልንም ቤት ሸጠ። በ1865 ጽኑ ሕመም ስለ ያዘው የቢራ ፋብሪካውን ለቆ በዚያው በሰሪ አውራጃ ቸርት ወደሚባል ገጠር ሄደና በአንድ ኮረብታ ላይ ሌላ መመልከቻ ሠራ፤ ዳሩ ግን የቀድሞው ጕልበቱ አልተመለሰለትም። በ1869 አገባ፤ ትዳሩ ግን ሰላም አልነበረበትም። በኅዳር ወር 1875 ሚስቱ በድንገት ሞተች፤ ከአሥር ቀን በኋላም በኅዳር 27 እርሱ ራሱ ደም በአንጐሉ ፈሶ ዐረፈ። ዕድሜው ገና 49 ነበር። ሲሞት ለከዋክብት ጥናት ማኅበር 2000 ፓውንድ አወረሰ።

እርሱ ያላስደፈረውን መደምደሚያ ዓለም ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጀበት። በ1892 በጊዜው እጅግ የተከበሩት የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን የምድር ማግኔት መናወጥ ከፀሐይ ሊመጣ እንደማይችል በሒሳብ አስልተው ተናገሩ። ነገር ግን በ1904 ማውንደር የሚባል የግሪኒች ተመልካች የብዙ ዓመታትን መዝገብ ቢመረምር፣ ማዕበሎቹ በየ27 ቀኑ ያህል የመመለስ ጠባይ እንዳላቸው አገኘ። ይህ ደግሞ ፀሐይ ከምድር ሆኖ ለሚያያት አንድ ጊዜ የምትዞርበት ጊዜ ነው። ካሪንግተን የለካው ዙረት በማግኔት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው። በ1908 አሜሪካዊው ጆርጅ ሄል የፀሐይ ነጥቦች ብርቱ የማግኔት ኃይል እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1958 ዩጂን ፓርከር ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚነፍስ የኤሌክትሪክ ጋዝ ነፋስ አለ ብሎ በሒሳብ አስረዳ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ማሪነር 2 የተባለችው መንኰራኵር በጠፈር ስትጓዝ ይህን ነፋስ ለካችው።

ዛሬ ነገሩ እንዲህ ተረድቷል። በነጥቦች አጠገብ የተጠማዘዘው የማግኔት ኃይል ሲበጠስ ሁለት ዐይነት ነገር ይወጣል። አንደኛው ብርሃንና ራጅ ነው፤ ይህ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩን በስምንት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ አልፎ ወደ እኛ ይደርሳል። በኪው ወረቀት ላይ መስመሩን ያጐበጠው ይህ ነበር። ሁለተኛው በቢሊዮን ቶን የሚመዘን የኤሌክትሪክ ጋዝ ደመና ነው፤ ይህ ወደ ምድር ቢያመራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። የ1859ኙ ግን በሴኮንድ ከ2300 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ደረሰ።

የትንበያ ሥራ የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ነጥቦቹ በየቀኑ ይመረመራሉ። ብልጭታ ከታየ በኋላ ደግሞ ደመናው ወደ ምድር ማምራት አለማምራቱ በጠፈር ካሉ መሣሪያዎች ይታያል፤ ፍጥነቱም ይሰላል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል። በደመናው ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል ወደ ደቡብ የዞረ ከሆነ ከምድር ማግኔት ጋራ ተያይዞ ብርቱ ማዕበል ያስነሣል፤ ወደ ሰሜን የዞረ ከሆነ ግን ጕዳቱ ቀላል ይሆናል። ይህን በትክክል ለማወቅ የሚቻለው ደመናው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ከቆሙት መንኰራኵሮች ዘንድ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህ አጭር ጊዜ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር የካናዳን ታሪክ ይስማ። መጋቢት 13 ቀን 1989 የፀሐይ ማዕበል በኬቤክ ክፍለ ሀገር የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሲወርድ፣ መላው መስመር ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ስድስት ሚሊዮን ሕዝብ በብርድ ወራት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቈየ። በየካቲት 2022 ደግሞ ቀላል የተባለ ማዕበል የአየሩን የላይኛ ክፍል አሙቆ ስላሳበጠው፣ ከተተኰሱ አንድ ቀን ብቻ ከሆናቸው 49 ሳተላይቶች አብዛኞቹ በአየሩ ተገትተው ወደቁ። ከግንቦት 10 ቀን 2024 ጀምሮ ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ብርቱ ማዕበል ሲነሣ ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለ ተነገረ፣ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ተዘጋጅተው ጠበቁት። በአሜሪካ በሳተላይት ምልክት ትራክተር የሚነዱ ገበሬዎች መሣሪያቸው ስለ ተሳሳተባቸው ዘር መዝራታቸውን ለጊዜው አቆሙ፤ እንደ ኬቤክ ያለ ጨለማ ግን አልደረሰም።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን ስለ አገራችንም አንድ ቃል እንጨምራለን። የምድር ማግኔት የራሱ ወገብ አለው፤ ይህም መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ፀሐይ ስትናወጥ እርሱም ይናወጣል። የዓለም ሊቃውንት በ1957ና በ1958 ምድርን በኅብረት ባጠኑበት ጊዜ በአዲስ አበባ የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ቤት የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። የኪው ወረቀት በ1859 የጻፈውን ዐይነት ታሪክ የአዲስ አበባም መሣሪያ በበኩሉ መጻፍ ጀመረ።

እንግዲህ ከካሪንግተን ሕይወት ምን እንማራለን? ብርሃኑን ያየው ዕድለኛ ስለ ነበረ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ያ ብርሃን የቈየው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካሪንግተን ግን ያን ለማየት በስፍራው የተገኘው ስድስት ዓመት ያህል በየቀኑ በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ተቀመጠ ነው። ዕድል በደጅ ባለፈ ጊዜ ነቅቶ ያገኘው ሰው እርሱ ነበር። ባየም ጊዜ ከነሴኮንዱ ጻፈው እንጂ አላጋነነውም። ዛሬ አንድ ተንባይ ማዕበል ይመጣል ብሎ ሲናገር ሕዝብ የሚያምነው፣ ከእርሱ በፊት ያሉት መዝገቦች በእውነት ስለ ተጻፉ ነው። የማይታመን መዝገብ ይዞ የሚተነብይ ከጠንቋይ በምን ይለያል?

ካሪንግተን ሥራውን አልፈጸመም፤ ማሕደሩን ሳይሞላ ጊዜው አለቀበት። ሆኖም የጀመረው ነገር አልጠፋም። የፀሐይ ተመልካቾች እስከ ዛሬ የፀሐይን ዙረት በተራ ቍጥር ይቈጥራሉ፤ ቍጥሩም የካሪንግተን ዙረት ተብሎ በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያው ቍጥር የሚነሣው እርሱ መዝገቡን ከጀመረበት ከኅዳር 9 ቀን 1853 ነው፤ አሁንም ከ2200 በላይ ደርሷል። እኛም የላቦራቶሪ ደብተራችንን ስንጽፍ፣ ያየነውን እንዳየነው፣ ያላየነውንም እንዳላየነው አድርገን እንጻፍ። ከብዙ ዘመን በኋላ የማናውቀው ሰው በእርሱ ተደግፎ ሌሎችን ከጥፋት ያድን ይሆናል።